በሶብላና አስተናግር

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የዘንድሮ መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን፤ ስላይድ ግን ይዘሽ እንዳትመጪ» አሉኝ። እሺ ብዬ ስላይድ አልያዝኩም። በየጠረጴዛችሁ ላይ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ሦስት ዘለላ እርጥብ በሶብላና በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ዘር አለ። ለምሳው ማጣፈጫ አይደለም። ከኋላ ያላችሁት ማሽተት ጀምራችኋል፣ አይቻችኋለሁ፤ ማሽተት ይፈቀዳል። አሁን ከወረቀቱ ውስጥ ቆንጠር አድርጋችሁ ዘሩን ውሃው ላይ በትኑልኝና ተዉት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እኔ የዕፅዋት ባለሙያ አይደለሁም። «ላሚያሴ» የሚለውን የቤተሰብ ስም አንደኛ ዓመት ላይ ለፈተና ሸምድጄ፣ ከፈተናው አዳራሽ ስወጣ በሩ ላይ ጥዬው የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለዚሁ ቤተሰብ፣ ከእሱም ውስጥ ስለ በሶብላ የማወራው ላስታ ውስጥ በሠራሁት አንድ ስሕተት ምክንያት ነው። ስሕተቱን ለብዙ ዓመት ለባለቤቴ እንኳ በደንብ አልነገርኩትም ነበር።

ከተመረቅን ሁለተኛው ዓመት ነው። ዕጣዬ ላስታ ወጥቶ፣ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ እየተመላለስኩ እሠራ ነበር። ወሩ መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ገና ያልረገፈበት ጊዜ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ስምንት ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ ገባች። ስምንት ዓመት ልጅ ታዝሎ ሲመጣ ነገሩ ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ልጁ እንደ እሳት ያተኩሳል፤ ላብ ግን የለውም። አፉ ደርቆ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁሩ ክፍል ዓይኑን ሞልቶታል። ልቡ ይጋልባል። እጁን ወደ አየር እየሰነዘረ የሌለ ነገር ይለቅማል፤ በመሀል በመሀል ደግሞ የሌለ ጥጃ «ተመለስ! ተመለስ!» እያለ ይጠራል። ይህን ስሰማ የፋርማኮሎጂ መምህራችን ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። አትሮፒን ወይም የአትሮፒን ዘመድ! ምርመራው ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

«ምን አጠጣሽው?» አልኳት።

«ምች መስሎኝ በሶብላ አሽቼ ውሃውን አጠጣሁት፣ ዶክተርዬ» አለችና ከመቀነቷ ሥር የተጠቀለለ ቅጠል አወጣች። ለምች ዳማ ከሴ ነበር የሚሻለው፣ ግን ያጓሯዋ የበቀለው በሶብላ ስለሆነ ያንኑ ቀጠፈች።

እኔ ቅጠሉን አላየሁትም። ከእጇ ተቀብዬ ወደ ጥግ ወረወርኩት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ልጇን በገዛ እጇ መርዛ እንዳመጣችው ነገርኳት። የተጠቀምኩባቸውን ቃላት እዚህ አልደግማቸውም። እሷም አልመለሰችልኝም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በጽዳት ሥራ ያሉ፣ ሁላችንም «እትዬ» ብቻ እያልን የምንጠራቸው እናት ነበሩ። የወረወርኩትን ቅጠል አነሡ። አላሸተቱትም፤ ግንዱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል ይዘው አሽከረከሩት።

«ዶክተር» አሉኝ፣ «ይሄ እኮ አራት ጎን አለው። በሶብላ ነው፤ ሰው አያሳብድም። ልጁ የበላው አስተናግር ነው። ከማን ጋር ከብት ሲጠብቅ እንደዋለ ጠይቂያት።»

አስተናግር ነው ያሉት፣ አስተናጋጅ አላሉም። አንዳንዶቻችሁ አጠፋሪስ በሚለው ስም ታውቁት ይሆናል፤ በሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። በከብት በረት ዳር፣ በጉድፍ መጣያ፣ በመንገድ ጠርዝ የሚበቅለው፣ ነጭ እንደ መለከት የተዘረጋ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾሃም የሆነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን ከቅጠሉም ከዘሩም ይገኛሉ። ስሙን አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ በሉት፦ አስ-ተና-ግር። የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው እኔ በሁለት ሴሚስተር ፋርማኮሎጂ የተማርኩትን ምልክት በአንድ ቃል ጨርሶታል።

ለእትዬ ምን መለስኩላቸው መሰላችሁ? «እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው።

ለልጁ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰጠሁት፣ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት፣ ሲንፈራገጥ ዲያዜፓም ሰጠሁት፣ ፊኛው ሞልቶ ስለነበር ካቴተር አስገባሁ። በማግስቱ ማታ እናቱን አወቃት። ለእሱ በሶብላም ይሁን አስተናግር ሕክምናው ያው ነበር፤ በዚህ በኩል የጎደለበት ነገር የለም።

የጎደለው ለሌላው ልጅ ነው። በዚያው ምሽት ከአራት ሰዓት በኋላ አራት ሰዎች በቃሬዛ አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ስድስት ዓመቱ ነው፤ የጎረቤት ልጅ፤ ጥጃ የሚጠብቁት አብረው ነው። እሾሃሙን ፍሬ ሰንጥቀው ዘሩን እንደ ቆሎ የተካፈሉት ሁለቱ ናቸው። ያኛው እየለፈለፈ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ይሄኛው እየለፈለፈ ወደ ገደሉ ሄደ። ጨለማ ውስጥ ሲፈልጉት አመሹ፤ ያገኙት ከእርከኑ በታች ወድቆ፣ የግራ ጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ «ከማን ጋር ዋለ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰው ይላክለት ነበር። ልጁ ተረፈ። አጥንቱ ግን አጥሮ ነው የገጠመው፤ ያነክሳል።

አሁን በሶብላውን አንሡልኝ።

መጀመሪያ ግንዱን፣ እንደ እትዬ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በሁለት ጣት አሽከርክሩት። አይንከባለልም፣ ይንገጫገጫል፤ አራት ጠርዝ አለው። ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ደግሞ ወደ ታች ተመልከቱት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ነው የወጡት፤ እያንዳንዱ ጥንድ ደግሞ ከሥሩ ካለው ጥንድ ጋር መስቀል ይሠራል። እንዲህ ሲሆን የላይኛው ቅጠል የታችኛውን ፀሐይ አይከልለውም። ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጉት፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው በመርፌ የተወጋጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያያል። መነጽር የረሳችሁ ጓደኞቼ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ማመን ብቻ ነው። እነዚያ የዘይት ዕጢዎች ናቸው። ስታሹት የሚፈነዱት እነሱ ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የምናውቀው ሽታም የሚወጣው ከእነሱ ነው። ሽታው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በአንዱ በሶብላ ሊናሎል ያይላል፣ በሌላው ሜቲል ካቪኮል፣ በሌላው ደግሞ የጥርስ ሐኪሞቻችን ከቅርንፉድ ዘይት የሚያውቁት ዩጀኖል። «የእናቴ አገር በሶብላ ይበልጣል» የምትሉት ሁሉ፣ ኬሚስትሪው ሊደግፋችሁ ይችላል።

አበባው ላይ ትንሽ እንቆይ። ዘለላው ላይ አበቦቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ግንዱን ዙሪያውን ከበው፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንዷን አበባ ነጥላችሁ እዩ፤ ሁለት ከንፈር አላት። ይህ ቤተሰብ በድሮ ስሙ «ላቢያቴ»፣ ባለ ከንፈር፣ ይባል የነበረው በዚህ ነው። የበሶብላ የላይኛው ከንፈር በአራት ተቆርጧል፤ የታችኛው አንድ ወጥ ነው። አራቱ ወንዴዎች ደግሞ ታችኛው ከንፈር ላይ ተጋድመዋል። በብዙዎቹ ዘመዶቹ ላይ ወንዴዎቹ ከላይኛው ከንፈር ሥር ተደብቀው ንቧ ስትገባ ጀርባዋን ነው የሚነኩት፤ በበሶብላ ግን ሆዷን ነው። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴው ጽዋ ይቀራል፤ ወደ ውስጡ ካያችሁ አራት ጥቋቁር ፍሬዎች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ አራት ናቸው፣ አንዱ ካልመከነ በቀር።

አስተናግርን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ግንዱ ክብ ነው፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ጠርዙ የተሸራረፈ ነው፤ ሲታሽ ይገማል። የድንችና የበርበሬ ቤተሰብ ነው። የሚያመሳስላቸው ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ዓመት ተክሎች ናቸው፤ በዝናብ ይበቅላሉ፣ ዘር ይሰጣሉ፣ ይደርቃሉ። ፍሬያቸው የሚበስልበት ጊዜም ተቀራራቢ ነው። የሁለቱ ልጆች መከራ መስከረም ላይ የመጣው እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም።

እዚህ ላይ የዕፅዋት መምህሮቻችን ፊት ሲለወጥ አያለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ብዬ ላስተካክል። አራት ጎን ያለው ሁሉ በሶብላ አይደለም፤ አራት ጎን ያለው ሁሉ ደግም አይደለም። የኮሰረት ቤተሰብ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ያለው የወፍ ቆሎ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ፣ ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ከብት ግን ይመርዛል። በዚያው በበሶብላ ቤተሰብ ውስጥም ሜክሲኮ ውስጥ የሚበቅል፣ ሳልቪያ ዲቪኖረም የሚሉት፣ ሰውን በቁሙ የሚያቃዥ ዘመድ አለ። እትዬ ያወቁት የዓለምን ዕፅዋት ሳይሆን የላስታን ጓሮ ነበር። ለእኔ ደግሞ በዚያን ሰዓት የሚያስፈልገኝ የላስታ ጓሮ ነበር።

ልጁ ከወጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በጥቅምት፣ የዕረፍት ቀኔ ላይ ከአንዲት ነርስ ጋር ይምርሐነ ክርስቶስን ልንሳለም ተነሣን። የእናቲቱ ቤት በዚያው አቅጣጫ፣ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው። ሳልነግራት ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ስታየኝ ደንግጣ «ልጄን ምን ልታደርጊው መጣሽ?» አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኳት። «ግቢያ» አለች። ገባን። የጠላው ጋን በጥንጁት ታጥኖ ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል። ጥንጁትም የዚሁ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ጓሮዋን አሳየችኝ። በሶብላው አብቦ፣ ግማሹ ዘለላ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። እርጥቡን ለወጥ ስትቀጥፍ፣ የደረቀውን ደግሞ ከነዘለላው ለበርበሬ ታስቀምጣለች፤ ከሁሉ የወፈሩትን ዘለላዎች ለዘር በጨርቅ ቋጥራ ከጣሪያው አንጠልጥላቸዋለች። ዳማ ከሴና ጥንጁት፣ ደጋ ላይ የሚወጣው ጦስኝም፣ ቋሚዎች ናቸው፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እዚያው ይጠብቁሻል። በሶብላ ግን ውርጭ አይችልም፤ ዘሩን አንድ ዓመት ያልያዘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ይለምናል፣ ወይም ገበያ ይወርዳል። ከበረቱ ዳር ደግሞ የተነቀለ አስተናግር ተከምሮ አየሁ። ባልዋ ነው የነቀለው፤ በሰፈሩ ያለውን በሙሉ ነቅለውታል። ማንም አላዘዛቸውም፤ የነገርናቸውም ነገር የለም።

ስንወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝና፣ «ያን ቀን ብትጠይቂኝ የጎረቤቴን ልጅ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝማ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ «ዛሬ ዝናብ አለ» እንደሚባለው ነው የተናገረችው። ከዚያ ከተንጠለጠለው ቋጠሮ ቆንጥራ ዘር ሰጠችኝ።

ይምርሐነ ክርስቶስ የሄዳችሁ መንገዱን ታስታውሳላችሁ። መኪናው ቆሞ በእግር ወደ ላይ ነው፤ በጥድ ደን ውስጥ። እኔ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ያገኘሁትን ቅጠል ሁሉ ግንድ እየዳሰስኩ ነው የወጣሁት፤ ነርሷ «ዶክተር፣ ጸሎት እያደረግሽ ነው ወይስ ቅጠል እየለቀምሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ዋሻው ውስጥ ያ ነጭ ልስንና ጥቁር እንጨት እየተደራረበ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከላሊበላ ውቅሮች የሚቀድም፣ ካህንም ንጉሥም በነበረ በዛግዌ ንጉሥ ስም የሚጠራ። ከኋላው፣ በዋሻው ጨለማ ውስጥ፣ ተሳላሚ ሆነው መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች አጽም ተከምሯል፤ አንዳንዱ ቆዳው ገና አልለቀቀም። ሐኪም ስትሆኑ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዓይናችሁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ጭን አጥንቶቹ ነው። ብዙ አልቆየሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ በሶብላን ኦሲመም ባሲሊከም ብሎ ሲመዘግበው፣ እናቶቻችን ስም አውጥተውለት እንደነበር አልጠራጠርም። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ ሰሜን ውስጥ ቅጠል ሲለቅም ዕድሜውን ጨርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ ሞቷል፤ የእኛ ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ የሚባለው በእሱ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀቀ፤ የበሶብላ ቤተሰብ ያለበት አምስተኛው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሐርባሪየም በራችን ላይ ነው። ስንቶቻችን ሐኪሞች ገብተን እናውቃለን? እኔ የገባሁት ከተመረቅኩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ያ የላስታ ዘር ያበቀለውን ቅጠል ጋዜጣ ውስጥ አድርቄ፣ በእርግጥ በሶብላ መሆኑን ለማረጋገጥ። በሶብላ ነበር።

በእርግጥ ስለ ባህል መድኃኒት ያለኝ አቋም አልለሰለሰም። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አምስት ቀን በዳማ ከሴ ሲታጠብ ቆይቶ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲመጣ አሁንም ደሜ ይፈላል። ነገር ግን ደሜ የፈላ ቀን እናትየዋ ዝም ትላለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ቅጠሉን ደጅ ጥላው ትገባለች፤ እኔ ደግሞ በባዶ እጅ እመረምራለሁ። ስለዚህ አሁን አብረውኝ የሚዞሩ ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቁ የታሪክ ወረቀቱን እንዲፈርሙበት አልፈቅድም። አንደኛው «ምን ሰጣችሁት? ካለ አምጡልኝ፣ ልየው» የሚለው ነው፤ ልየው ማለት ደግሞ በእጅ ይዞ፣ ግንዱን አሽከርክሮ፣ የቅጠሉን አወጣጥ ተመልክቶ ነው። ሁለተኛው «ከማን ጋር ዋለ?» ነው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ፤ በተለይ ሆዱን ያመመው ትልቅ ሰው ላይ ሲጠይቁ።

ለማስተማር ላይ ላላችሁ መምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ፣ ልመናው ገንዘብ አይጠይቅም። ለተለማማጅ ሐኪሞች፣ ወደየዕጣቸው ከመበተናቸው በፊት፣ አንድ ጠዋት ስጧቸው። የባዮሎጂ ክፍሉ አንድ ባለሙያ ይምጣ፤ ገበያ ወርዶም በሶብላ፣ ዳማ ከሴ፣ ጦስኝ፣ ኮሰረትና ጤና አዳም ይግዛ፤ አስተናግሩን ከግቢያችን አጥር ሥር ታገኙታላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ስገባ አይቼዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሱ። ፈተና ውስጥ ባይገባም ግድ የለም።

ብርጭቆውን አሁን እዩት። ዘሮቹ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል አይደል? ውሃ ሲያገኝ የዘሩ ሽፋን እንዲህ ያብጥና እንደ ዝልግልግ ይሆናል፤ አፈሩ ላይ እንዲጣበቅና እርጥበቱን እንዲይዝ። የአስተናግር ዘር ይህን አያደርግም። እኔም ከዓመታት በኋላ ነው በራሴ ወጥ ቤት ያየሁት።

በወረቀቱ ውስጥ የቀረውን ወደ ቤታችሁ ውሰዱት። የዚያች እናት ዘር ነው፤ በየዓመቱ እየዘራሁ እየለቀምኩ እዚህ አድርሼዋለሁ፤ አንድ ዓመት ብቻ ጠፍቶብኝ ከእህቴ መልሼ ለምኛለሁ። ሰኔ ላይ ዝሩት፤ አፈር አታብዙበት፣ እፍኝ አፈር ነስነስ ካላችሁበት ይበቃዋል። ውርጭ ሳይመጣ ዘለላውን ልቀሙ። የወፈረውን ለዘር አስቀሩ።

ምሳው ደርሷል መሰለኝ።